ጠብታው ይቆይ፣ መጀመሪያ ጆሮው ይታይ

ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ቀን ቀን ውሻ ብዙም ትዝ አይልም። መንገዱን ባጃጁ፣ ገበያተኛውና ከቅዱስ ገብርኤል የሚመለሰው ምእመን ይዞታል። ውሻው የሚታወሰው ማታ፣ ሱቁ ተዘግቶ የግቢው በር ሲቆለፍ ነው፤ ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ይፈታለታል። ቀን ታስሮ የሚውል፣ ሌሊት የሚጠብቅ ውሻ ታዲያ ቀረብ ብሎ የሚያየው ሰው የለውም። ምግብ የሚያመጣለት ሳህኑን አስቀምጦ ይመለሳል፤ ባለቤቱም የሚከታተለው ጩኸቱን እንጂ ጆሮውን አይደለም። በዚህ ምክንያት የጆሮ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሽታው ከሩቅ መምጣት ሲጀምር፣ ወይም ውሻው ራሱን ሊዳብሰው የቀረበውን ሰው ሲነክስ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። አንዱ ነጭ ጋዝ ጠብ ያደርግበታል፤ ሌላው የምግብ ዘይት አሙቆ ያፈስበታል፤ ሦስተኛው ለልጁ ታዞ የተረፈውን ጠብታ ከመሳቢያ ያወጣል። ሁሉም በቅን ልብ ነው። ነገር ግን የውሻን ጆሮ የሚያሳክከው ነገር አንድ አይደለም። መዥገር ሊሆን ይችላል፤ ዝንብ፣ የጆሮ ተባይ፣ እርሾ፣ ባክቴሪያ፣ የሣር ፍሬ ወይም አለርጂም ሊሆን ይችላል። ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ያባብሳል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚነሳው ከመድኃኒት ሳይሆን ከማየት ነው፤ የሕመሙ ምክንያት ሳይታወቅ ወደ ጆሮው ቀዳዳ ምንም ነገር አይገባም።

ሐዋሳ ለውሻ ጆሮ የምትከብድበት ምክንያት

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ናት። አየሯ ለሰው ይስማማል፤ ለዝንብ፣ ለቁንጫና ለመዥገርም እንዲሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካው የኦንደርስቴፖርት የእንስሳት ሕክምና ምርምር መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት በሐዋሳ 200 ውሾችን መርምሮ 99.5 በመቶ በሚሆኑት ላይ ቁንጫ፣ ቅማል ወይም መዥገር አግኝቷል። ከአንዱ በቀር ሁሉም ማለት ነው። ከሁሉም የበዛው ቁንጫ ነበር። ለቁንጫ ንክሻ ቆዳው የሚቆጣ ውሻ ደግሞ ጀርባውንና የጭራውን ሥር ብቻ አያክክም፤ ሲያክክ ጆሮውንም ያቆስላል።

ሐይቁም የራሱ ድርሻ አለው። ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል የዓሣ ትርፍራፊ ፍለጋ የሚወርድ፣ ሲሞቀውም ውኃ ውስጥ የሚገባ ውሻ ጆሮው ሳይደርቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እርጥበቱ ለምን እንደማይወጣ ለመረዳት የጆሮውን አሠራር ማወቅ ይበቃል። የውሻ የጆሮ ቦይ መጀመሪያ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ ታጥፎ ወደ ጭንቅላቱ ውስጥ ይገባና ታምቡሩ ላይ ያበቃል። ከላይ የገባ ውኃ፣ ኩክ ወይም የሣር ፍሬ እጥፋቱን ካለፈ በራሱ ተመልሶ አይወጣም። ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰውም ከእጥፋቱ ወዲያ ያለውን ማየት አይችልም። የቤት ውስጥ እርዳታ ወሰን የሚኖረው በዚህ የተነሳ ነው።

1. ሳይነኩ ከሩቅ ይመልከቱ

ውሻው ሳያውቅብዎት ለአምስትና ለአሥር ደቂቃ ያህል ይከታተሉት። ጤነኛ ውሻም አልፎ አልፎ ጆሮውን ያክካል፤ ራሱንም ያራግፋል። የሚያሳስበው ድግግሞሹ ነው። ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ጆሮው መታየት አለበት፦

ራሱን ደጋግሞ ያራግፋል፤ በተለይ ከእንቅልፉ እንደተነሳ።

በኋላ እግሩ ጆሮውን ያክካል፤ እያከከም ያቃስታል።

ጆሮውን ግድግዳ ላይ፣ መሬት ላይ ወይም የሰው እግር ላይ ያሻሻል።

አንዱን ጆሮ ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ ወይም ራሱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ከዚህ ቀደም ራሱን ሲዳብሱት ደስ ይለው የነበረ ውሻ አሁን ይሸሻል፣ ያጉረመርማል።

አጥንት ወይም ደረቅ እንጀራ ሲያኝክ ያመዋል። የጆሮው ቦይ ከመንጋጋው መገጣጠሚያ አጠገብ ስለሚያልፍ ሕመሙ ማኘክን ያከብዳል።

በዚህ ደረጃ ላይ የሚለይ ሌላ ጉዳይ አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታ። ጆሮውን ያመመው ውሻ የሚቆጣው ጆሮው ሲነካ ነው፤ ባለቤቱን ያውቃል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። በድንገት ጠባዩ የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የወደቀ፣ መዋጥ ያቃተው፣ እግሩ የሚጎተት፣ ወይም ያገኘውን ሁሉ ያለ ምክንያት የሚናከስ ውሻ ግን በምንም ዓይነት አይያዝም፣ አፉም አይታይም። በሩን ዘግተው፣ ሰውና እንስሳ አርቀው ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ። ያልተከተበ ውሻ ላይ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ መሆን አለበት።

2. መያዣውን ያዘጋጁ

ሕመም የዋሁንም ያናክሳል። አሥር ዓመት አብሮ የኖረ ውሻ እንኳ የቆሰለ ጆሮው ሲነካ ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያያል። የሚይዘው ውሻው የሚያውቀው ሰው ይሁን። ልጆች ከአካባቢው ይራቁ።

የተሠራ የአፍ ማሰሪያ ከሌለ ሰፋ ያለ ፋሻ ወይም ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ጨርቁን ቀለበት አድርገው አፍንጫው ላይ ያስገቡ፤ ከላይ አንድ ጊዜ ጠበቅ ያድርጉ፤ ጫፎቹን ከአገጩ ሥር አጠላልፈው ወደ ኋላ ይውሰዱና ከጆሮዎቹ ኋላ ማጅራቱ ላይ በቀላሉ በሚፈታ ቋጠሮ ይሰሩ። የታሰረ አፍ ውሻው እንዳያለከልክ ስለሚያደርግ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይ። የሚያስታውክ፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነ ውሻ በዚህ መንገድ አይታሰርም።

ሰዓቱን ይምረጡ። ረፋድ ላይ፣ ከበላ በኋላ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ይሻላል። የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት፣ ንጹሕ ጥጥ ወይም ፋሻ፣ የእጅ ጓንትና ሲያልቅ የሚሰጥ ቁራጭ ሥጋ ያቅርቡ።

ንክሻ ከደረሰ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ውሻው የራሴ ነው፣ ክትባትም አለው ብሎ መቅረት አይገባም፤ የሚወስነው የጤና ባለሙያው ነው።

3. ሁለቱንም ጆሮ ያመሳክሩ

መጀመሪያ ደህና የሚመስለውን ጆሮ ይመልከቱ። ለዚያ ውሻ ጤነኛ ጆሮ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው እሱ ነው። ጤነኛ ጆሮ ውስጡ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ጥቂት ቢጫማ ኩክ ሊኖረው ይችላል፤ አይሸትም፤ ሲነካም አያምም።

ከዚያ ወደ ታመመው ይሂዱ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ። የጆሮውን ቅጠል ጫፍና ጠርዝ ይዩ፦ የደረቀ ደም፣ ቅርፊት ወይም የተበላ ጠርዝ አለ? ቅጠሉን በሁለት ጣት መሐል ይዳብሱ፦ አብጧል? ይሞቃል? ገልብጠው ውስጡን ያብሩ፦ ቀልቷል? ቆዳው ወፍሯል? ከጠርዙ በታች ባለው ትንሽ የቆዳ ኪስ ውስጥም ይመልከቱ፤ መዥገር እዚያ መደበቅ ይወዳል። አፍንጫዎን ጠጋ አድርገው ያሽቱ። በመጨረሻ ከጆሮው ሥር፣ ከጉንጩ በላይ ያለውን ቦታ ቀስ ብለው ይጫኑ፤ ውሻው ከጮኸ ወይም እርጥብ ነገር ሲንቦጫረቅ ከተሰማ ችግሩ ቦዩ ውስጥ ነው።

የሁለቱንም ጆሮ ፎቶ በስልክ ያንሱ። ከሳምንት በኋላ መሻሉን ለመለየት፣ ለሐኪምም ለማሳየት ይጠቅማል።

4. ያዩትን ይለዩ

ጫፉ የቆሰለ፣ ውስጡ ንጹሕ የሆነ ጆሮ። ይህ ብዙ ጊዜ የዝንብ ሥራ ነው። የቤት ዝንብን የሚመስል፣ ግን ደም የሚመጥ ዝንብ አለ፤ የሚመርጠውም የጆሮን ጫፍ ነው። ጆሯቸው ቀጥ ብሎ የሚቆም ውሾች፣ ጀርመን ሼፐርድን ጨምሮ፣ ይበልጥ ይጠቃሉ። ከከብት በረት፣ ከእርጥብ ገለባ ወይም ከቆሻሻ ክምር አጠገብ የታሰረ ውሻ መሸሻ ስለሌለው ጫፉ ደጋግሞ ይደማል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይደማል።

እንደ ቡና አተላ የጠቆረና የተፈረካከሰ ኩክ፣ ከባድ ማሳከክ። ይህ የጆሮ ተባይን ያመለክታል። ተባዩ በዓይን ለማየት እጅግ ያዳግታል፤ ደም አይመጥም፣ ቦዩ ውስጥ እየኖረ ቆዳውን ያስቆጣል። ቡችሎችንና ድመቶችን በብዛት ይይዛል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በንክኪ ይተላለፋል። ግቢው ውስጥ ድመት ካለች እሷም ታክማለች፤ አለበለዚያ ውሻው በተሻለው በወሩ ተመልሶ ይያዛል።

ቡናማና ቅባትነት ያለው ፈሳሽ፣ የኮመጠጠ ሽታ። እርሾ የሚባለው የፈንገስ ዓይነት ነው። ቀድሞውኑ በጤነኛ ቆዳ ላይ በጥቂቱ ይኖራል፤ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ይበዛል። የሚዋኙ፣ ጆሯቸው የተንጠለጠለና እንደ ፑድል ጆሯቸው ውስጥ ጠጉር የሚበቅል ውሾች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። አለርጂ ያለበት ውሻም እንዲሁ።

ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል፣ ከባድ ሽታ፣ ብርቱ ሕመም። ባክቴሪያ ገብቷል። ይህ ከቤት እርዳታ ወሰን ያለፈ ነው።

በድንገት የጀመረ፣ አንዱን ጆሮ ብቻ የያዘ። ውሻው ሣር ውስጥ ሲሮጥ ውሎ ማታውን ራሱን እንደ እብድ ማራገፍ ከጀመረ፣ ልብስ ላይ የሚጣበቀው ዓይነት የሣር ፍሬ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ፍሬው እሾሃም ስለሆነ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም፤ ታምቡሩንም ሊወጋ ይችላል። ዝናቡ አልቆ ሣሩ ሲደርቅ ይህን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ቅጠሉ በድንገት ተነፍቶ ለስላሳ ሆኖ ሲገኝ። ውሻው ራሱን አብዝቶ ሲያራግፍ በቅጠሉ ውስጥ ያለ የደም ሥር ተበጥሶ ደም ተጠራቅሟል። በመርፌ ወግቶ ማፍሰስ ያጓጓል፤ ግን ደሙ ተመልሶ ይሞላል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። ሐኪሙ ደሙን አውጥቶ፣ እንዳይመለስ አድርጎ፣ የማራገፉንም ምክንያት አብሮ ያክማል።

ትል። ቁስል ላይ ዝንብ እንቁላሏን ከጣለች ትሉ በአጭር ጊዜ ይፈለፈላል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

5. በዚያው ቀን ቤት ውስጥ የሚቻለው

መዥገር ካለ ይንቀሉት። በጠፍጣፋ ወረንጦ ከቆዳው ጋር በተጣበቀበት በአፉ በኩል ይያዙት፤ ሳይጠመዝዙና ሳይጨፈልቁ ቀጥ አድርገው በዝግታ ይሳቡ። በክብሪት ማቃጠል፣ ጋዝ ወይም ቅባት መቀባት አያስፈልግም፤ መዥገሩ ሲጨነቅ የሆዱን ወደ ቁስሉ ሊመልስ ይችላል። የነቀሉትን አልኮል ውስጥ ይክተቱ፤ በጥፍር አይጨፍልቁ። ቦዩ ውስጥ ገብቶ ግማሹ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን ለሐኪም ይተዉት።

የዝንብ ንክሻ ካለ ጫፉን ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ አለስልሰው ቅርፊቱን ሳይቦጭቁ ያጽዱ፤ በደንብ ያድርቁ፤ ከዚያ ቫዝሊን ስስ አድርገው ይቀቡ። ቫዝሊኑ ዝንቡን በመጠኑ ያግዳል፣ ቁስሉንም ከመሰንጠቅ ያድናል። ሕክምናው ግን ውሻውን ከዝንቡ ማራቅ ነው፤ ቀን ቀን ጨለም ያለ ጥላ ወይም ቤት ውስጥ ይዋል፣ የታሰረበት ቦታ ይለወጥ።

ጆሮው የረጠበ ብቻ ከሆነ፣ ሽታም ቅላትም ከሌለው፣ በጣትዎ ላይ በተጠቀለለ ደረቅ ጨርቅ ጣትዎ እስከደረሰበት ድረስ ያድርቁት። ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

6. ማጽዳት የሚፈቀድና የማይፈቀድ

ታምቡሩ የተበሳ ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ማፍሰስ ወደ መካከለኛውና ወደ ውስጠኛው ጆሮ መንገድ መክፈት ነው። መብሳት አለመብሳቱ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ መግል ያለው፣ የደማ፣ በጣም የሚያም፣ ወይም ውሻው ራሱን ያዘነበለበት ጆሮ ቤት ውስጥ አይታጠብም። የሚታጠበው በመጠኑ ኩክ የያዘ፣ ሲነካ ብዙ የማያም ጆሮ ነው።

ለውሻ ጆሮ ተብሎ የተዘጋጀ ማጽጃ ከተገኘ እሱ ይመረጣል። ካልተገኘ ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ኖርማል ሳላይን ይበቃል። ሳላይኑን ጠርሙሱ እንደታሸገ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ያሙቁ፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውሻውን ያስደነግጣል፣ ያዞረዋልም።

አካሄዱ ይህ ነው። ቅጠሉን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ቦዩ ይከፈታል። የጠርሙሱን አፍ ሳያስገቡ ፈሳሹን እስኪሞላ ያንጠባጥቡ። ከጆሮው ሥር ያለውን ቦታ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ቀስ አድርገው ይሹ። ለቀቅ አድርገው ውሻው ራሱን እንዲያራግፍ ይተዉት፤ ፈሳሹ ቆሻሻውን ይዞ ይረጫልና ወደ ኋላ ይበሉ። ወደ ጆሮው አፍ የመጣውን በጥጥ ወይም በፋሻ ይጥረጉ። ንጹሕ ሆኖ እስኪመጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙ፤ በመጨረሻ ያድርቁ። ለእያንዳንዱ ጆሮ የተለየ ጥጥ ይጠቀሙ።

ውሻው ከጮኸ፣ ደም ከታየ ወይም ከተንገዳገደ ወዲያውኑ ያቁሙ።

የጆሮ ማጽጃ እንጨት ከቅጠሉ እጥፋቶች አልፎ አይገባም። ኩኩን ከማውጣት ይልቅ ገፍቶ ታምቡሩ ላይ ያጭቀዋል። ጤነኛ ጆሮን በየቀኑ ማጠብም አያስፈልግም፤ እርጥበቱ ራሱ በሽታ ይጋብዛል።

7. የማይደረጉት

ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት። ቆዳውን ያቃጥላሉ፤ ውሻው ሲልሰውም ይመርዘዋል።

አልኮል፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። የተላጠ ቆዳ ላይ እሳት ናቸው። አንዴ ያመመው ውሻ ደግሞ ዳግመኛ ጆሮውን አያስነካም።

የሰው ጠብታ። ጀንታማይሲንና መሰሎቹ የተበሳ ታምቡር አልፈው ከገቡ መስማትንና ሚዛን መጠበቅን ሊጎዱ ይችላሉ። እርሾ ላይ ደግሞ አንቲባዮቲክ አይሠራም።

ለከብት የሚረጭ መድኃኒት። ለመዥገር ማጥፊያ ከብት ላይ የሚረጩት ዲያዚኖንና አሚትራዝ ጆሮ ውስጥ የሚገቡ አይደሉም።

በግምት የሚወጋ አይቨርሜክቲን። ለበግና ለከብት የተዘጋጀው መጠን ለውሻ እጅግ ብዙ ነው። ኮሊንና የቅርብ ዘመዶቹን በመሳሰሉ የእረኛ ውሻ ዝርያዎች ላይ በዘር በሚወረስ ምክንያት መድኃኒቱ አንጎል ድረስ ይገባል፤ ሊገድልም ይችላል። ሐኪም መዝኖ ሲያዝ ብቻ ይሰጣል።

ፐርሜትሪን ድመት ባለበት ቤት። ለውሻ ተብሎ የሚሸጥ የቁንጫ መድኃኒት ፐርሜትሪን ካለበት አብራው የምትተኛውን ድመት ሊገድላት ይችላል።

ጆሮ መቁረጥ። ውሻው ኃይለኛ ይሆናል፣ ጆሮውም አይታመምም በሚል ቡችላን በምላጭ የሚቆርጥ አለ። የተቆረጠው ቅጠል ነው፤ በሽታው ያለው ቦዩ ውስጥ ነው። ቁስሉም ለዝንብ ክፍት በር ይሆናል።

8. ወደ ሐኪም መቼ፣ ምን ይዞ

በዚያው ቀን የሚያስኬዱት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ራሱን ማዘንበል፣ ክብ እየሠራ መዞር፣ መውደቅ፣ የዓይን ኳስ ወዲያ ወዲህ መርገብገብ፣ የፊቱ አንድ ጎን መውረድ፣ ትል፣ መግል፣ የተነፋ ቅጠል፣ ምግብ መተው። ራስ ማዘንበልና መውደቅ ሕመሙ ወደ መካከለኛው ወይም ወደ ውስጠኛው ጆሮ መሻገሩን ያመለክታሉ። ሌላው ማሳከክ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ካልቀነሰ ይታያል።

የሐዋሳ ነዋሪ በከተማው ካሉ የመንግሥትና የግል የእንስሳት ክሊኒኮች ሌላ፣ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጥበት ከተማ ውስጥ መሆኑ ዕድል ነው። የተወሳሰበ ሕመም ሲገጥም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ አለ፤ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ነባሩ መንገድ ላይ። ባጃጅ ላይ የሚጫን ውሻ አፉ ይታሰር፣ ገመዱም አጭር ይሁን።

ከመሄድዎ በፊት ባለው አንድ ቀን ጆሮውን አይጠቡ። ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው ፈሳሹን ነው። ይዘው የሚሄዱት መረጃ፦ መቼ ጀመረ፣ አንድ ጆሮ ነው ሁለት፣ ከዚህ በፊት ታሞ ያውቃል፣ ምን ተደርጎበታል፣ ምን ይበላል፣ ሐይቅ ይወርዳል፣ ሌላ ውሻ ወይም ድመት አለ፣ የመጨረሻው የእብድ ውሻ ክትባት መቼ ተሰጠ። ነጭ ጋዝ ተጨምሮበት ከሆነ አይደብቁ፤ ሐኪሙ የሚያየውን ቁስል ምክንያት ካላወቀ ሌላ በሽታ ሊያክም ይችላል።

ጥሩ ምርመራ ሁለት ነገር አለው። አንደኛው ኦቶስኮፕ በሚባለው መብራት ባለው መሣሪያ ቦዩንና ታምቡሩን ማየት ነው። ሁለተኛው ከፈሳሹ በጥጥ ወስዶ መስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ መመልከት ነው፤ ተባይ፣ እርሾና ባክቴሪያ የሚለዩት በዚህ ነው። ሁለቱም ሳይደረጉ ጠብታ ከታዘዘ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለበትም፦ «ዶክተር፣ ታምቡሩ ደህና ነው? ያገኙት እርሾ ነው ባክቴሪያ?»

9. መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው

ሕክምናው እንደ ምክንያቱ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ወር ሊወስድ ይችላል። ማሳከኩ ግን በሁለትና በሦስት ቀን ይበርዳል፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም ያኔ ነው። የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል፤ ቀጥሎ የሚታዘዘውም ይወደዳል። የጆሮ ተባይ ከእንቁላል እስከ ጉልምስና ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት መድኃኒቱ አዲስ የሚፈለፈሉትንም እስኪያገኝ ድረስ መቀጠል አለበት።

ጠብታ ሲሰጥ ጠርሙሱን እጅዎ ውስጥ ያሙቁት፤ ቅጠሉን ወደ ላይ ይዘው ያንጠባጥቡ፤ ሥሩን ያሹ፤ ወዲያው ሥጋውን ይስጡት። ማጽጃም ጠብታም ከታዘዘ መጀመሪያ ይጸዳል፤ አድርቀው ጥቂት ቆይተው ጠብታው ይከተላል። ኩክ ላይ የተንጠባጠበ መድኃኒት ቆዳው ጋር አይደርስም። ውሻው ማከኩን ካላቆመ ሐኪሙን ጠይቀው የአንገት መከላከያ ያድርጉለት። በቀጠሮው ቀን ይመለሱ፤ ከውጭ የዳነ የሚመስል ጆሮ ከእጥፋቱ ወዲያ ገና ሊሆን ይችላል።

10. ግቢውን አብረው ያክሙ

ቁንጫ ከውሻው ላይ የሚታየው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው እንቁላል፣ እጭና ሙሽሬ ሆኖ ከሚተኛበት ጨርቅ፣ ከአፈሩና ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው ያለው። የሚተኛበትን ማዳበሪያ ወይም ብርድ ልብስ በየሳምንቱ በፈላ ውኃ ይጠቡና ፀሐይ ላይ ያስጡ። የውሻ ቤቱን ይጥረጉ፤ ስንጥቁን ይድፈኑ። መዥገር ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ የታሰረበትን ግድግዳም ይመልከቱ። ለውሻ የተሠራውን የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት በክብደቱ ልክ፣ ሐኪሙ በሚለው የጊዜ ልዩነት፣ ለግቢው ውሾች ሁሉ በአንድ ቀን ይስጡ።

ለዝንቡ ደግሞ እርጥብ ገለባ፣ እበትና የምግብ ትርፍራፊ በየቀኑ ይነሳ። ደም የሚመጠው ዝንብ የሚራባው እዚያ ነው። በዝናቡ ወራት ከበጋው ይልቅ ቶሎ ቶሎ መጥረግ ይጠይቃል።

ከቤተሰቡ አንድ ሰው ኃላፊ ይሁንና በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለቱንም ጆሮ ገልብጦ አይቶና አሽትቶ ይመለስ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቡችላ ከሆነ ሥጋ እየሰጡ በየቀኑ ጆሮውን መንካት ይለምድ፤ ሲያድግ አፉን ማሰር ላያስፈልግ ይችላል። ዓመታዊው የእብድ ውሻ ክትባትም በዚያው የቀን መቁጠሪያ ላይ ይመዝገብ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጆሮው በዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ከታመመ፣ ጥያቄው ከጆሮው ይሻገራል። እንዲህ ዓይነቱ ውሻ ብዙ ጊዜ መዳፉን ይልሳል፣ ሆዱና ብብቱ ይቀላል፤ ሕመሙ የአለርጂ ነው ማለት ይቻላል። ሕመሙ የጀመረበትን ወር፣ በዚያ ሳምንት የበላውን፣ ቁንጫ መኖር አለመኖሩን በአንድ ደብተር ላይ ይጻፉ። ሐኪሙ የአንድ ዓመቱን ማስታወሻ ካየ በየጊዜው አዲስ ጠብታ ከማዘዝ ይልቅ ምግቡን መለወጥ ወይም የቁንጫ መከላከያውን ዓመቱን ሙሉ ማስቀጠል የሚያዋጣ መሆኑን መወሰን ይችላል።